በመታጠቢያ ቤት ወለልና ግድግዳ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር፤ ምንነቱ፣ ማስለቀቂያውና መከላከያው

የቤት ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ቀድሞ ገላን በወንዝ ዳር ወይም በጓሮ መታጠብ የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ፣ በጋይንት፣ በእስቴ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከምም ጭምር፣ በቤታቸው አጠገብ መታጠቢያ ቤት የሠሩ ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዱ ወለሉን ሊሾ ያደርገዋል፤ ዐቅም ያለው ደግሞ ሴራሚክ ያነጥፍበታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት እንደ ቆየ፣ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ፣ በሊሾው ጠርዝና በግድግዳው ግርጌ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ቢጠርጉት ይመለሳል፤ በሳሙና ቢያሹትም እንዳለ ይቀመጣል።

በየቤቱ ስንዞር እናቶች ከሚያነሡልን ጥያቄ አንዱ ይኸው ነው። «ይኼ ነጩ ነገር በሽታ ይሆን? ልጆቼን ይጎዳብኝ ይሆን? ምን ላፍስበት?» ይላሉ። ነጩ ነገር ራሱ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን እርሱን ለማስለቀቅ ተብሎ የሚፈሰው ኀይለኛ መድኀኒት ነው፤ የሚያቃጥል አሲድ፣ ከአሲድ ጋር የተደባለቀ በረኪና፣ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ በልጆች እጅ የሚገባ መርዝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የነጩን ነገር ምንነት፣ በቤት ባለ ነገር ያለ ጉዳት የሚለቅበትን መንገድ፣ ተመልሶ እንዳይመጣም የሚደረገውን ጥንቃቄ በተራ እንገልጻለን።

1. ነጩ ነገር ከየት ይመጣል?

በጉና ተራራ ላይ፣ በጣራ ገዳም ደን ውስጥ፣ በየጋራውና በየሸንተረሩ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ሲወርድ የሚሟሟ ነገር ብዙም የለበትም። ወደ መሬት ሲሰርግ ግን በአፈር ውስጥ ያለውን አየር ይቀላቅልና ጥቂት የኮመጠጠ ጠባይ ያገኛል። ይህ ውኃ በአገራችን ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲሄድ፣ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይይዛል። ከተራራው ራስ ቶሎ የሚፈልቅ ምንጭ ማዕድኑ ትንሽ ነው፤ በመሬት ውስጥ ብዙ ቆይቶ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ማዕድኑ ይበዛል። በዓይን ሲያዩት ሁለቱም ኩልል ያለ ውኃ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ውኃው ሲደርቅ ነው። ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በምጣድ ላይ ቢደርቅ ውኃው በንኖ ጨው እንደሚቀር፣ ይህም ውኃ በወለል ላይ ሲደርቅ ውኃው ይሄዳል፣ ማዕድኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ምንጭ ሲሚንቶው ራሱ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው በሙገርና በዓባይ ሸለቆ እንደሚገኘው ያለ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ በ1,450 ዲግሪ ያህል ሙቀት ተቃጥሎና ተፈጭቶ ነው። ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ተቦክቶ ሲጠነክር በውስጡ ኖራ ይተርፋል። እርጥበት በሲሚንቶው ውስጥ ባለፈ ቍጥር ከዚህ ኖራ ጥቂቱን አሟሙቶ ወደ ላይ ያወጣል፤ ላይ ሲደርስ ውኃው ይተናል፤ ኖራውም ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። በሴራሚክ መካከል የሚሞላው ስስ የሲሚንቶ መስመር፣ ግንበኞች ግራውት የሚሉት፣ ነጩ ነገር በብዛት የሚታይበት ስፍራ የሆነው ስለዚህ ነው። ሴራሚኩ ውኃ አያሳልፍም፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት የሚወጣበት በር ያ መስመር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ሳይታጠብ የተቦካ አሸዋ፣ ጨዋማ አፈርና የምድጃ አመድ ነው። ወለልን በአመድ ማሸት በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ቅባትም ያስለቅቃል። ነገር ግን አመድ ራሱ በውኃ የሚሟሟ ጨው አለበት። በደንብ ሳይታጠብ ከቀረ ጨው ወደ መጋጠሚያው ሰርጎ፣ ሲደርቅ እንደገና ነጭ ሆኖ ይወጣል። እናት ነጩን ለማስለቀቅ በአመድ ባሸች ቍጥር ሌላ ነጭ ትጨምራለች ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ነጩ ነገር ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ መብዛቱን አይተው ይገረማሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በክረምት ግድግዳው ውኃ ይጠጣል፤ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ፀሐይ ስትወጣና ነፋስ ሲነፍስ የተጠጣው ውኃ ወደ ውጭ ይሳባል፤ የያዘውንም ማዕድን ላይ ጥሎ ይሄዳል።

2. ነጩ ነገር ይጎዳልን?

ኖራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ፋሲል በጎንደር ያሠሩት ግንብ ድንጋዩ ከድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። በመጋጠሚያችሁ ላይ የምታዩት ደረቅ ነጭ ቅርፊትም የዚያው የኖራ ዘመድ ነው። ቢነኩት በሽታ አያስይዝም፤ ተላላፊም አይደለም።

በማንቆርቆሪያ ውስጥ ስለሚቀረው ነጭ ዝቃጭም እንዲሁ ይጠይቁናል። «ይኼን እየጠጣን ኩላሊታችን ጠጠር ይቋጥራል» የሚሉ አሉ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውኃ ኖራማነት በጤና ጉዳት ምክንያት የወሰነው የመጨረሻ ልክ የለም። ስለዚህ ነጭ ዝቃጭ አየሁ ብሎ ከተጠበቀ ምንጭ ወይም ከቧንቧ ሸሽቶ ወደ ወንዝ መውረድ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው።

ልብ በሉ፤ በውኃ ውስጥ በእርግጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች ነጭም ጥቁርም ምልክት የላቸውም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ኩልል ባለ ውኃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ውኃው ካልተጠበቀ ምንጭ ከተቀዳ ማፍላት ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ደጋ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ እንዲንተከተክ መተው ይገባል።

ይሁን እንጂ ነጩ ነገር አንድ መልእክት አለው፤ «እዚህ እርጥበት አለ» ይላል። እርጥበት ሲሰነብት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታ ደግሞ ሳል ያለበትን ሕፃንና አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ወለሉም ያንሸራትታል፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ይጥላል። ስለዚህ ነጩን ከማስለቀቅ ጋር እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ያስፈልጋል።

3. ነጩን ከነጭ መለየት

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ማስለቀቂያውም እንደ ዐይነቱ ነው። ምንም ነገር ከማፍሰሳችሁ በፊት እንደሚከተለው መርምሩ።

ሀ/ የጨው ዱቄት፦ ለስላሳ ነው፤ በደረቅ ቡሩሽ ሲነኩት ይረግፋል፤ በውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ሟሙቶ ይጠፋል።

ለ/ የኖራ ቅርፊት፦ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በውኃ አይሟሟም። ጥቂቱን በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ በሸክላ ሳህን ላይ አድርጉና የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት። አረፋ እያወጣ ከፈላ ኖራ ነው። ሎሚውን በመጋጠሚያው ላይ ሳይሆን በሳህን ላይ ማድረግ የሚሻለው፣ ሲሚንቶው ራሱም ስለሚፈላ እንዳያሳስታችሁ ነው።

ሐ/ የሳሙና ዝቃጭ፦ ወደ ዐመድማ ያደላ ነጭ ነው፤ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ሰም ይያያዛል። ገላ በሚታጠቡበት ስፍራና በባልዲ ጠርዝ ይበዛል። በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል።

መ/ ሻጋታ፦ እንደ ጥጥ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ብናኝ አለው፤ የምድር ቤት ሽታ ይሸታል፤ ከነጩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። በውኃ አይሟሟም፤ በሎሚም አይፈላም።

4. ማስለቀቂያው

የጨው ዱቄት ከሆነ፦ በመጀመሪያ ደረቁን በደረቅ ቡሩሽ አራግፋችሁ ዱቄቱን በመጥረጊያ አንሡ፤ ወደ ውጭም ጣሉት። ከመነሣቱ በፊት ውኃ ቢፈስበት ጨዉ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ መጋጠሚያው ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ወልውላችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ሌላ ምንም መድኀኒት አያስፈልገውም።

የኖራ ቅርፊት ከሆነ፦ አንድ ሲኒ አቼቶ ከአንድ ሲኒ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። አቼቶ ከሌለ የ4 ሎሚ ጭማቂ በአንድ ሲኒ ውኃ ይበቃል። ከዚያም በዚህ ተራ ሥሩ፦

በመጀመሪያ በማይታይ ማዕዘን ላይ ጥቂት ቦታ ሞክሩ፤ መጋጠሚያው ከተቦረቦረ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ተዉት። ቀጥሎ መጋጠሚያውን በንጹሕ ውኃ አርጥቡ፤ ውኃውን አስቀድሞ የጠጣ ሲሚንቶ ኮምጣጣውን ወደ ውስጥ አይስብም። ከዚያ ቅልቅሉን በጨርቅ ቅቡና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆዩ። በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ እሹት፤ የብረት ቡሩሽ ግን ሴራሚኩን ይቧጭራል፣ መስመሩንም ያነሣል። በመጨረሻ በብዙ ንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ በጨርቅ አድርቁ። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ በአንድ ቀን ካልለቀቀ ብላችሁ ቅልቅሉን አታጠንክሩ፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ ሥሩ። እብነ በረድ በተነጠፈበት ቤት ግን አቼቶም ሎሚም አይነካም፤ ድንጋዩ ራሱ የኖራ ዘር ስለሆነ ይበላል።

የሳሙና ዝቃጭ ከሆነ፦ በሙቅ ውኃ ዱቄት ሳሙና በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በቡሩሽ እሹት፤ ከዚያ አለቅልቁ። ሙቁን ውኃ ስትይዙ ልጆች በአጠገብ እንዳይኖሩ ይሁን።

ሻጋታ ከሆነ፦ በመጀመሪያ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ቅቡ፤ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በብዙ ውኃ አለቅልቁ። በርና መስኮት ክፍት ይሁን። እጃችሁን በጓንት፣ ጓንት ከሌለም በፌስታል ሸፍኑ።

5. ፈጽሞ የማይደረግ

ይህን ክፍል ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ጭምር እንድታነቡላቸው እንለምናለን።

በረኪና ጀርም ይገድላል፤ ነጭ ልብስም ያነጣል። ኖራን ግን አያሟሟም። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ በነጩ ቅርፊት ላይ በረኪና ያፈስሳል፤ አልለቅ ሲለው «እስቲ ደግሞ ይኼን ልጨምርበት» ብሎ አቼቶ ወይም አሲድ ይደርብበታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በረኪና ከማናቸውም ኮምጣጣ ነገር ጋር፣ ከአቼቶም ሆነ ከሎሚ ወይም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ወለል ይወርዳል። ጎንበስ ብላ የምታሸው እናትና በአጠገቧ የሚድኸው ሕፃን በመጀመሪያ የሚተነፍሱት እርሱን ነው። መታጠቢያ ቤት ጠባብ፣ በሩም የተዘጋ ከሆነ አደጋው የባሰ ነው።

ስለዚህ፦ በረኪናና ኮምጣጣ ነገር በአንድ ዕቃ አይቀላቀሉ፤ በአንድ ቀንም በአንድ ወለል ላይ አይፍሰሱ። ዛሬ በአቼቶ ካጸዳችሁ በረኪናው ለሌላ ቀን ይቆይ፤ በመካከልም ወለሉ በብዙ ውኃ ይታጠብ። ሽንት ያለበትን ወለል በረኪና ከመንካቱ በፊት በውኃ አጥቡት፤ በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

የመኪና ባትሪ አሲድ ለቤት ጽዳት የሚሆን ነገር አይደለም። ገላ ላይ ቢፈናጠቅ ያቃጥላል፤ ዓይን ቢገባ ያሳውራል። ግንበኞች ከሥራ በኋላ የሲሚንቶ ጠብታ የሚያጥቡበት ጠንካራ አሲድም ለእናትና ለልጅ እጅ አይሰጥም። ኖራውን ሲበላ መጋጠሚያውንም አብሮ ይበላል፤ የተበላው መጋጠሚያ ውኃ ያሳልፋል፤ ውኃውም በሚከተለው ወር ከፊተኛው የበለጠ ነጭ ያወጣል።

በረኪናም ሆነ አቼቶ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በመጠጥ ኩባያ አይቀመጥ። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ይቀመጥ።

6. አደጋ ቢደርስ

ጋዝ ቢሸትና ዓይንና ጕሮሮ ቢያቃጥል፣ ወይም ሳል ቢይዝ፣ ዕቃውን ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ውጭ አየር ውጡ፤ ልጆችን አውጡ። ሽታው ሳይጠፋ ተመልሳችሁ አትግቡ። ደረት ከጠበበ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ሳያቋርጡ ማጠብ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ገላ ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ በብዙ ውኃ እጠቡ።

ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲወርድ ያቃጠለ ነገር ሲወጣም ደግሞ ያቃጥላል። አፉን በውኃ አጕመጥምጡት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠርሙሱን ማየት ሐኪሙን የጠጣውን ለማወቅ ይረዳዋል።

7. መከላከያው

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ነጩ ነገር ከወጣ በኋላ ከማሸት ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይወጣ ማድረግ ድካምም ገንዘብም ያድናል።

ሀ/ ቤቱ ሲሠራ

አሸዋው ንጹሕ ይሁን። ከርብም ሆነ ከጉማራ ወንዝ የሚመጣ አሸዋ ጭቃ ሊኖርበት ይችላል። አንድ የሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምሩበት፤ ውኃ ሞልታችሁ በደንብ በጥብጡና እንዲረጋ ተዉት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፤ ጭቃው ከላይ ሌላ ድርብርብ ይሠራል። ጭቃው ብዙ ከሆነ አሸዋው ሳይታጠብ አይቦካ።

ቡኮው አይቅጠን። ሠራተኛው ሥራ እንዲቀለው ውኃ ያበዛል፤ የበዛው ውኃ ግን በኋላ ሲወጣ ኖራውን ይዞ ይወጣል፤ በሲሚንቶውም ውስጥ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ማቡኪያውም ውኃ የሚጠጣ ዐይነት ንጹሕ ውኃ ይሁን።

ከወለሉ ሥር ድንጋይ ይነጠፍ፤ በላዩም ወፍራም ላስቲክ ቢዘረጋ የመሬት እርጥበት ወደ ላይ አይሳብም። ወለሉ ወደ ውኃ መውጫው በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። መስኮት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከጣሪያው አጠገብ ይኑር።

ሊሾው ከተሠራ በኋላ 7 ቀን ያህል እየረጠበ ይጠንክር። የሴራሚኩ መጋጠሚያ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 3 ቀን ገላ አይታጠቡበት። በአዲስ ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ነጭ ቢወጣ አትደንግጡ፤ በደረቅ ቡሩሽ ብቻ እያነሣችሁ ብትጠብቁ ብዙውን ጊዜ እያደር ይቀንሳል። በሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠውን መጋጠሚያ መድፈኛ ፈሳሽ መቀባት የምትፈልጉ፣ ከ28 ቀን በኋላ፣ መስመሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ቅቡት። እርጥበቱ ሳይወጣ ከተደፈነ ነጩ ከሥር ይታፈናል።

ለ/ ቤቱ ከተሠራ በኋላ

ታጥቦ የወጣ ሰው ሁሉ ወለሉን በመጥረጊያ ወደ መውጫው ገፍቶ፣ የግድግዳውን ግርጌ በጨርቅ ይወልውል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእናት ብቻ የተተወ ሳይሆን የአባትም የልጆችም ሥራ ነው። ማድረቅ ከማናቸውም መድኀኒት ይበልጣል፤ ያልደረቀ ውኃ ባይኖር ማዕድን የሚተወው የለምና። መስኮቱ ይከፈት።

ቧንቧ ወይም ባልዲ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይጠገን። የጣሪያው ውኃ በግድግዳው ላይ እንዳይወርድ ክፈፉ ይርዘም ወይም አሸንዳ ይደረግለት፤ ከግድግዳው ሥር ቦይ ይቀደድ።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ንጹሕ ፌስታል ቀዳችሁ በደረቀ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑ፤ በማግሥቱ እዩት። ጠሉ ከፌስታሉ ሥር ከተገኘ ውኃው ከግድግዳው ውስጥ ወይም ከመሬት ይመጣል፤ ቦዩንና መሠረቱን ተመልከቱ። ጠሉ ከፌስታሉ ላይ ከሆነ ግን ከቤቱ አየር ነው፤ መስኮት ይጠይቃል።

የታጠቡበት ውኃ በደጅ አይንጣለል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመውና ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከኅብረተሰብ ነርሶች ጋር የሳኒቴሽን ሠራተኞችንም ያሠለጠነው፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት፣ ፍሳሽና ቆሻሻ የጤና ጕዳይ ስለሆኑ ነው። ድንጋይ የተሞላበት የፍሳሽ መምጠጫ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቦታውም ከምንጩ በታች ይሁን። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቦታውን በመምረጥ ትረዳችኋለች።

8. ማንቆርቆሪያና ጀሪካን

በማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ቅርፊት ባይጎዳም ሲወፍር እሳቱ ወደ ውኃው ቶሎ እንዳይደርስ ይከለክላል፤ እንጨትም ጊዜም ይበላል። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውኃ ጨምራችሁ አሙቁት፤ ከእሳት አውርዳችሁ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያ አፍስሱና እሹት። የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ግን ኮምጣጣ ነገር እንደያዘ አይደር፤ ብረቱን ይበላዋል። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ፣ አንድ ጊዜ ውኃ አፍልታችሁ ድፉት።

በጀሪካን ውስጥ ነጭ ካለ የሎሚ ውኃና ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ጨምራችሁ ናጡት። አረንጓዴ የሚያሙለጨልጭ ነገር ካለ ግን ኖራ አይደለም፤ ጀሪካኑ ያቈረው የውኃ እድፍ ነው። እርሱን በሳሙናና በጠጠር እጠቡ፤ ጀሪካኑም ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ።

9. ሳሙና አልያዝ ያለ ውኃና የልጆች ፊት

ኖራ የበዛበት ውኃ ሳሙና ቶሎ አይዝም። ሳሙናው ከማዕድኑ ጋር ተያይዞ ይረጋል፤ ያ የረጋው ነው በወለልና በባልዲ ላይ የሚቀረው። ስለዚህ ገላ መታጠቢያውን የዝናብ ውኃ ማድረግ ጥሩ ነው፤ የጣሪያ ዝናብ ኖራ የለበትምና ሳሙና ያድናል። ለልብስ ደግሞ እንዶድ አለን። እንዶድ እንደ ሳሙና ከኖራው ጋር ተያይዞ ስለማይረጋ በእንዲህ ያለ ውኃም አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአድዋ ወንዝ ዳር፣ እንዶድ በታጠበበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተውለው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ መከላከያ ለማግኘት የተነሡት ከዚሁ ከእናቶች የልብስ ማጠቢያ ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓይን ያቃጥላል፤ አይጠጣም፤ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ለልብስ እንጂ ለልጅ ፊት አይሆንም።

ስለ ልጆች ፊት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዓይን ማዝ፣ በእጅ፣ በጋራ ጨርቅና በዝንብ ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውረዋል። ይህን የሚከላከል አንዱ መንገድ የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ ነው። ለዚህ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ሳሙና ቢኖር መልካም፣ ባይኖርም ፊት ይታጠባል። ውኃው ኖራ ቢኖርበት ዓይን አይጎዳም። «ውኃው ነጭ ያወጣል»፣ «መታጠቢያ ቤቱ አስቀያሚ ሆነ» ተብሎ የልጆች ፊት ሳይታጠብ መዋል የለበትም።

10. ማጠቃለያ

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ነጩን መርምሩ፤ ዱቄት ከሆነ በደረቁ አንሡት፤ ቅርፊት ከሆነ በአቼቶ ወይም በሎሚ፤ የሳሙና ዝቃጭ ከሆነ በሙቅ የሳሙና ውኃ አስለቅቁት። በረኪናና ኮምጣጣን አታገናኙ። የባትሪ አሲድ በቤታችሁ አይግባ። ከታጠባችሁ በኋላ ወለሉን አድርቁ፤ መስኮቱን ክፈቱ፤ የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው አርቁ። የልጆችን ፊት በየቀኑ እጠቡ። ይህን ያነበበ ለጎረቤቱ ይንገር፤ በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ያልገባችሁን ነገር ጠይቁ።